ባዶው መስመር

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ የቆርቆሮው ድምፅ ከገባባችሁ ታገሱኝ።

ስለ ሊኑክስ ላወራ ነው፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ነው። ርዕሱ ደረቅ ሊመስላችሁ ይችላል፣ እኔ ግን አጎቴን ያሳዘንኩበት ነገር ስለሆነ ከልቤ አልወጣም።

አጎቴ ፍኖተ ሰላም ነው የሚኖሩት። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። አሮጌ ላፕቶፓቸው ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጫንኩላቸው፣ ጂኖት የምትባለውን የማስታወሻ ፕሮግራም አስለመድኳቸው። እሳቸውም በሁለት ዓመት ውስጥ የትውልድ ቀበሌያችንን የማሳ ስም አንድ በአንድ ጻፉባት፤ የትኛው ማሳ ለምን እንደዚያ እንደተባለ፣ ድሮ ማን ያርሰው እንደነበር፣ ጤፍ ይሻለዋል ወይስ ዳጉሳ።

አንድ ቀን ላፕቶፑ ሞላና "ቦታ የለም" እያለ አስቸገራቸው። ሄድኩ። ካሹን፣ ማለትም ፕሮግራሞች ለጊዜው የሚያስቀምጡትን ፋይል፣ ላጽዳ ብዬ ተርሚናል ከፈትኩ፤ ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ነው። ካሽ የት እንደሚቀመጥ የሚናገር ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል፣ ፕሮግራሞች የሚያነቡት ስም ያለው መረጃ፣ አለ፣ ኤክስዲጂ ካሽ ሆም ይባላል። እሱን ይዤ ጻፍኩ፦ አርኤም፣ ሰረዝ አርኤፍ፣ ዶላር ምልክት ከነቫሪያብሉ ስም፣ ስላሽ፣ ኮከብ። እዚያ ቦታ ያለውን ሁሉ ሳትጠይቅ አጥፋ ማለቴ ነው። ኢንተር።

"አይፈቀድም" የሚል መስመር ይጎርፍ ጀመር። ቢን፣ ቡት፣ ኢቲሲ፣ የሲስተሙ ፎልደሮች። ካሽ ውስጥ ኢቲሲ ምን ይሠራል እያልኩ ሳስብ መስመሩ ቀጥ አለ። ጭጭ። ጭጭ ያለው ሆም ላይ፣ የሰው የግል ፋይል የሚቀመጥበት ፎልደር ላይ፣ ሲደርስ ነው። የቀረው የሲስተሙ ስለሆነ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ ሆም ግን የራሳቸው ነው፣ እኔ ደግሞ በእሳቸው ስም ነው የገባሁት፣ ስለዚህ ማንም አልከለከለኝም። ለማስቆም ኮንትሮል ሲ ስጫን አልቆ ነበር።

ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ቫሪያብሉ ባዶ ነበር። ባዶ መሆኑ ደግሞ ብልሽት አይደለም! ፍሪዴስክቶፕ የሚባለው ፕሮጀክት ያወጣው ስምምነት እንዲህ ይላል፦ ሴቲንግ ነጥብ ኮንፊግ ውስጥ፣ ዳታ ነጥብ ሎካል ስላሽ ሼር ውስጥ፣ ካሽ ነጥብ ካሽ ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 0.8 እትም ደግሞ ሎግና ሂስትሪን ለመሰለው ነጥብ ሎካል ስላሽ ስቴት ተጨመረ። ሁሉም ሆም ውስጥ ናቸው። ቫሪያብሎቹ የሚያስፈልጉት ቦታ መቀየር ለሚፈልግ ሰው ነው። ካልተሞሉ ፕሮግራሙ ራሱ ዲፎልቱን፣ አስቀድሞ የተወሰነውን ቦታ፣ ይወስዳል። ብዙ ማሽን ላይ ኢኮ በሚባለው ትዕዛዝ ቫሪያብሉ ውስጥ ምን እንዳለ ብትጠይቁ ባዶ መስመር የሚመጣው ለዚህ ነው። ዲፎልቱን የሚያውቀው ፕሮግራሙ ነው፣ ተርሚናል ላይ የጻፍነውን ትዕዛዝ የሚያነበው ሼል ግን አያውቀውም። ሼሉ ባዶውን በባዶ ተካና የቀረው ስላሽ ኮከብ ብቻ ሆነ። ከሥሩ ጀምረህ አጥፋ ማለት ነው።

አሁን እንዲህ ነው የምጽፈው፦ ዶላር፣ ጥምዝ ቅንፍ፣ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ዲፎልቱ። ባዶ ከሆነ ይህን ውሰድ ማለት ነው። የማጥፋት ትዕዛዝ ሲሆን ግን በሰረዙ ፋንታ ጥያቄ ምልክት አደርጋለሁ፣ ባዶ ከሆነ ትዕዛዙን ጭራሽ ሳይሠራው ይቆማል። ለእኔ ይሄኛው ይበልጣል። እባካችሁ ልመዱት።

ሌላም አለ፣ ቶሎ ልበለው። ቫሪያብሉን ስትቀይሩ ፋይሎቹ አብረው አይሄዱም። ፕሮግራሙ አዲሱ ቦታ ላይ ምንም ሲያጣ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ሰውም ሴቲንጌ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል። ባሽአርሲ ውስጥ፣ ማለትም ሼሉ ሲከፈት በሚያነበው ፋይል ውስጥ፣ ብቻ ከጻፋችሁት ደግሞ ከሜኑ የሚከፈት ፕሮግራም ላያየው ይችላል። አድራሻውም ከስላሽ የሚጀምር ሙሉ አድራሻ ይሁን።

ካሽ እንስራ ውስጥ እንዳለ ውሃ ነው፣ ቢደፋ ተመልሶ ይቀዳል። ሎካል ሼር ግን ጎተራ ነው። የጋሼ ማስታወሻ የነበረው እዚያ ነው፣ ጂኖት ፎልደር ውስጥ። እኔ ውሃ ልደፋ ሄጄ ጎተራ አቃጠልኩ። ባክአፕም አልነበረም፣ እሱም የእኔ ሥራ ነበር።

"ጋሼ፣ ያ የጻፉት ሁሉ ጠፋ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አልኳቸው። ብዙ ቆዩ። ከዚያ "ከጭንቅላቴ አልጠፋም እኮ፣ አንተ ልጅ፣ ወረቀት አምጣ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ ፍኖተ ሰላም እወርዳለሁ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ከመመለሴ በፊት ነጥብ ሎካል ስላሽ ሼርን በፍላሽ እገለብጣለሁ። ካሹን አልነካውም። ትናንት ማታ ደወሉልኝና ከወንዙ ማዶ ያለችውን ትንሿን ማሳ ረስተናት ነበር አሉኝ። ስሟን ነገሩኝ፣ ግን ታሪኳ ረጅም ነው፣ ስትመጣ ነው የምነግርህ ብለው ዘጉት።