ለሰፈር ሪሳይክል ድጋፍ ስትጠይቁ፦ ማሽኑን ትታችሁ ማገዶውን አሳዩ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ! ዛሬ ደጋግማችሁ ወደጠየቃችሁኝ ነገር እንገባለን። የሰፈር ማህበር ለሪሳይክል ሥራ ግራንት፣ ማለትም የማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ፣ እንዴት ያገኛል? ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ ያላችሁ፣ ጠጋ በሉ።

ከእሳት ልጀምር። የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ይገባዋል። ክብሪት ሲጠፋ ልጅ ጎረቤት ይላካል። «እትዬ፣ እናቴ እሳት ጭረህ ና ብላኝ ነው» ይላል። እትዬም ፍም ይሰጣሉ። ልብ በሉ፣ ፍም ነው የሚሰጡት። እንጨት አይሰጡም። ምጣድ አይሰጡም። ልጁ ፍሙን ኩበት ላይ አድርጎ እፍ እፍ እያለ ይሮጣል። ቤት ሲደርስ ማገዶው ከተዘጋጀ፣ እሳቱ ይያያዛል፣ እንጀራው ይጋገራል። ማገዶ ከሌለስ? ፍሙ አመድ ይሆናል። በማግስቱ ተመልሶ ቢመጣ እትዬ ምን ይላሉ? «የትናንቱን ምን አደረግከው?»

ግራንትም እንደዚያ ፍም ነው። ለጋሹ መጀመሪያ የሚፈልገው ማገዶአችሁን ማየት ነው። ማገዶው ምንድነው? ቀበሌው የፈቀደላችሁ ቦታ። የእድሩ እቃ ቤት። የወጣቶቹ ጉልበት። በሳምንት አንድ ቀን ጋሪውን የሚያውሳችሁ ሰው። ይሄ ሁሉ በብር ይተመናል፣ የማህበሩ መዋጮ ተብሎ ማመልከቻው ላይ ይገባል። ብዙ ማህበር ግን ይሄን ይተወውና «አቅም የለንም» ብሎ ሁለት ገጽ ይጽፋል። በጣም ያንገበግበኛል! ያላችሁን ጻፉ እንጂ!

አሁን ፈጠን እንበል፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ለዚህ ሥራ የሚቀርበው በር የግሎባል ኢንቫይሮንመንት ፋሲሊቲ፣ ማለትም የዓለም አቀፉ የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ፣ የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፣ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም (ዩኤንዲፒ) በኩል ይሠራል። ለግለሰብ አይሰጥም፣ ለማህበረሰብ ድርጅት ነው። የአንድ ድጋፍ ጣሪያ ለረጅም ጊዜ 50,000 ዶላር ነበር። ብሩ ሪፖርት እየታየ በየዙሩ ይለቀቃል። እድር በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አይሸፈንም፣ በእሱ አይመዘገብም ማለት ነው፤ ስለዚህ አንዱ መንገድ ከተመዘገበ ድርጅት ጋር መጣመር ነው። ሌላ አንድ ነገር፦ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከተሞች እቅዳቸውን ሲያወጡም ሲፈጽሙም ነዋሪውን እንዲያሳትፉ ያዛል። ማዘጋጃ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቁ ይሄን ጥቀሱ።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አሁን አድርጉ። ማህበር ውስጥ ላለ ሰውም ቪዲዮውን ላኩለት።

ወደ ኮሜንቶቹ ልምጣ። አንድ ነገር በብዛት አየሁ፦ «ማሽን ከሌለ ምኑን ሪሳይክል ሆነ? መጀመሪያ የፕላስቲክ መፍጫ ማሽን ይገዛልን።» እዚህ ላይ ረጋ ብለን እናውራ፣ ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ነውና።

መፍጫ ማሽን የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። ለእጥበቱ ውሃ ይፈልጋል። መለዋወጫ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ በየቀኑ የሚጎርሰው ፕላስቲክ ይፈልጋል። ከአንድ ሰፈር ይሄን ያህል ከየት ይመጣል? ማሽኑ ሥራ ፈቶ ይቆማል።

የሰፈር ማህበር ጉልበቱ የሥራው መጀመሪያ ላይ ነው፤ መሰብሰብ፣ መለየት፣ መጭመቅ። ሃይላንዱን ተመልከቱ። አካሉ ፔት የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው፣ ክዳኑ ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው። ተቆራርጠው ውሃ ውስጥ ሲገቡ ፔቱ ይሰጥማል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል። ለይቶ የሸጠ የተሻለ ዋጋ ይደራደራል። ደግሞ ያልተጨመቀ ሃይላንድ አየር ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። አይሱዙ ሙሉ አየር ጭናችሁ የነዳጅ ልትከፍሉ ነው? ስለዚህ መጭመቂያ ጠይቁ። ሚዛን፣ ጆንያ፣ ጓንት ጠይቁ። ጣሪያ ጠይቁ! በሐምሌ ዝናብ የራሰ ካርቶን ማን ይገዛችኋል?

ቆራሌውንስ ማን አስታወሰው? «ቆራሌው!» እያለ በየበሩ የሚዞረው ልጅ እኮ እኛ ፕሮጀክት ሳንጽፍ ሪሳይክል ሲሠራ የኖረ ነው። እሱን ያላስገባ ፕሮጀክት እንጀራውን ሊነጥቀው ይችላል። ስብሰባው ላይ ጥሩት። ዋጋውንም፣ ገዢውንም፣ የትኛው በር ምን እንደሚወጣበትም እሱ ያውቃል።

ደግሞ ከከተሞቻችን ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው፤ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የገበያ ትርፍራፊ። ለዚህ ምን ማሽን ያስፈልጋል? ቦታ፣ አካፋና ትዕግሥት ይበቃል። በደጋው ሸዋ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ገብሱና ባቄላው ማሳ ግን እበቱን ያጣል። ኮምፖስት፣ ማለትም ከዚህ ከሚበሰብሰው የሚወጣውን ማዳበሪያ፣ የሚገዛ ገበሬ አጠገባችሁ አለ ማለት ነው። ይሄን ማመልከቻው ላይ ስትጽፉ ግራንቱ ሲያልቅ ሥራው በምን እንደሚቀጥል መለሳችሁ ማለት ነው፤ ለጋሹም ይሄን ጥያቄ ሳይጠይቅ አያልፍም።

«ከሸጥን ትርፉን ይወስዱብናል?» ላላችሁ፦ አዋጅ 1113 የተመዘገበ ድርጅት ገቢ እንዲያመነጭ ይፈቅዳል። ገቢው ግን ለዓላማው ይውላል እንጂ ለአባላት አይከፋፈልም። ለአባላት ትርፍ መከፋፈል ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ሌላ ዓይነት አደረጃጀት ነው የምትፈልጉት፤ ከማመልከታችሁ በፊት ተነጋገሩበት።

በሚቀጥለው ቪዲዮ የበጀት ሠንጠረዡን መስመር በመስመር እንሠራለን። ማህበራችሁ ያለውን ማገዶ ዘርዝራችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ በእናንተው ዝርዝር ነው የምንሠራው። ቸር እንሰንብት!