በዝርዝሩ ያልገባው ዕቃ

ክቡራን መምህራን፣ በዲፕሎማሲ ሥራ ላይ ያላችሁ እንግዶቻችን፣ ውድ ተማሪዎች፤

በመርሐ ግብሩ ላይ የሰፈረው ርእስ «ኃይል፣ ሥነ ምግባርና ዓለም አቀፍ ግንኙነት» ይላል። ሁሉንም ልንካ ብል አንዱንም ሳልጨብጥ ሰዓቱ ያልቃል። ስለዚህ ስለ አንድ ወረቀት ብቻ እናገራለሁ፤ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ስትወርር ለማዕቀብ ተብሎ ጄኔቭ ላይ ስለተዘጋጀ የሸቀጥ ዝርዝር። የዚያን ዘመን ቀኖች በእኛ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የወልወልን ግጭት ታውቃላችሁ፤ የማይጨውን ጦርነት ታውቃላችሁ፤ ሰኔ 23 ቀን ጃንሆይ በመንግሥታት ማኅበር፣ በዛሬው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቀዳሚ፣ ፊት ቆመው ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች እንዳፏጩ ታውቃላችሁ። ያንን ንግግር እናስበዋለን፤ እንጠቅሰዋለን፤ ፎቶግራፉን እንለጥፋለን። ንግግሩ የተደረገው ግን አዲስ አበባ ከተያዘች ከስምንት ሳምንት በኋላ ነው። ነገሩ ያኔ አልቆ ነበር። የተበላሸው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ማንም ባላፏጨበት፣ ጸጥ ባለ የኮሚቴ ክፍል ውስጥ ነው።

የማኅበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 16 ቃሉን አፍርሶ ጦርነት የከፈተ አባል አባላቱን ሁሉ እንደወጋ ይቆጠራል ይላል። አባላቱም ወዲያውኑ የንግድና የገንዘብ ግንኙነታቸውን በሙሉ እንዲያቋርጡ ያዛል። «ወዲያውኑ» እና «በሙሉ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ያዙልኝ። የጣሊያን ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ነው። መስከረም 26 የማኅበሩ ምክር ቤት ጣሊያን ቃል ኪዳኑን አፍርሳለች ብሎ ወሰነ፤ በቀናት ውስጥም 50 መንግሥታት በውሳኔው ተስማሙ። እስከዚህ ድረስ ሕጉ ሠርቷል፤ ፍርዱም ፈጥኗል። ማዕቀቡ በሥራ ላይ የዋለው ግን ኅዳር 8 ነው፤ ከወረራው 46 ቀን በኋላ። «ወዲያውኑ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ቀረ። «በሙሉ» የሚለው ደግሞ በዝርዝሩ ላይ ቀረ።

የማዕቀቡ ሐሳቦች አምስት ነበሩ። አንደኛው የጦር መሣሪያን፣ ሁለተኛው ብድርን፣ ሦስተኛው ከጣሊያን ዕቃ መግዛትን ይመለከታል፤ አምስተኛው አባላት በማዕቀቡ የሚደርስባቸውን ጉዳት እንዲካፈሉ የሚል ነው። የእኔ ጉዳይ አራተኛው ነው፤ ለጣሊያን የማይሸጡትን ዕቃዎች የሚዘረዝረው። ላንብብላችሁ። ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያ፣ ግመል። ጎማ። ቆርቆሮ፣ ኒኬል፣ ማንጋኒዝ፣ ክሮሚየም፣ ተንግስተን። አሉሚኒየም። የብረት ማዕድን። ቁርጥራጭ ብረት።

አሁን ዝርዝሩን እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆናችሁ መርምሩት። አሉሚኒየም ጣሊያን ራሷ በብዛት የምታመርተው ነው። የብረት ድንጋዩ ተከለከለ፤ ከድንጋዩ የቀለጠው ብረት ተፈቀደ። የድንጋይ ከሰል የለም። ነዳጅ የለም። በቅሎው ተከለከለ፤ የካሚዮኑ ቤንዚን ተፈቀደ! በቅሎ ለተራራ ጦርነት አይረባም አልልም፤ ጣሊያኖችም በብዛት ይፈልጉት ነበር። ሆኖም ያ ሠራዊት ስንቁን በካሚዮን የሚያጓጉዝ ሠራዊት ነበር። ከታኅሣሥ ጀምሮ የመርዝ ጋዝ የጣሉብን አውሮፕላኖችም የሚበሩት በቤንዚን ነው። ያንን ጋዝ የሚከለክለውን የጄኔቭ ፕሮቶኮል ጣሊያን ያጸደቀችው ከወረራው ሰባት ዓመት በፊት ነበር።

ነዳጅ ለምን ተተወ? ዝርዝሩን ያወጣው የማኅበሩ ኮሚቴ ምክንያት ተጽፏል። አሜሪካ የማኅበሩ አባል አይደለችም፤ እኛ ብንከለክል እሷ ትሸጣለች የሚል ነው። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም፤ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮርዴል ሃል በኅዳር ወር ነጋዴዎቻቸው እንዲታቀቡ በአደባባይ ቢጠይቁም የሚያስገድድ ሕግ አልነበራቸውም። ነገር ግን ለጣሊያን ነዳጅ በመሸጥ ቀዳሚዋ ሩማንያ ነበረች፤ ሩማንያ ደግሞ አባል ናት። ጥቅምት 22 ቀን የካናዳው ተወካይ ዋልተር ሪዴል ነዳጅ፣ ከሰል፣ ብረትና አረብ ብረት ይጨመሩ ብለው ሐሳብ አቀረቡ፤ ኮሚቴውም በመርህ ደረጃ ተቀበለው። አንድ ወር ሳይሞላ የገዛ መንግሥታቸው ሐሳቡ የግለሰቡ እንጂ የካናዳ አይደለም ብሎ ካዳቸው። ኅዳር 28 የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል የአገራችንን ሰፊ ክፍል ለወራሪው የሚሰጠውን ዕቅድ ፓሪስ ላይ ተፈራረሙ፤ የነዳጁም ጉዳይ ተገፋ። የካቲት 4 ቀን የባለሙያዎች ኮሚቴ ስሌቱን አቀረበ፤ ሁሉም ሻጮች ቢተባበሩ ማዕቀቡ ከሦስት እስከ ሦስት ወር ተኩል ባለው ጊዜ ይሠራል አለ። የካቲት 28 የጀርመን ጦር፣ ጦር እንዳይገባበት በስምምነት ወደተከለከለው የጀርመን ግዛት፣ ወደ ራይንላንድ ገባ፤ የሁሉም ዓይን ወደዚያ ዞረ፤ የነዳጁም ጉዳይ ውሳኔ ሳያገኝ ቀረ።

እስቲ ቁጠሩ። ነዳጅ ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር ኅዳር 8 ተከልክሎ ቢሆን፣ በባለሙያዎቹ ስሌት ሦስት ወር ተኩሉ የሚሞላው የካቲት 24 አካባቢ ነው። ማይጨው መጋቢት 22 ነው።

የስዊዝ ቦይም ክፍት ነበር። ወታደርና ጋዝ የጫኑ መርከቦች የማለፊያ ቀረጥ እየከፈሉ ወደ ምጽዋ አለፉ። ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ክፍት ይሁን የሚለው የ1888 እ.ኤ.አ. ስምምነት አይፈቅድልንም ተባለ። የማኅበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 20 ግን ከቃል ኪዳኑ ጋር የሚጋጭ ማንኛውም ቀደምት ግዴታ በአባላት መካከል ተሽሯል ይላል። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ሦስቱም አባላት ነበሩ። አንቀጹን ያላነበበ የሕግ አማካሪ ጄኔቭ ውስጥ ነበር ብዬ አላምንም።

ከወረራው በፊትስ? እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ ሽያጭ አገዱ፤ እኩል ዳኝነት መሆኑ ነው። አንዱ የራሱ የመሣሪያ ፋብሪካ አለው፤ ሌላው ጥይቱን ከውጭ ይገዛል። ፋብሪካ ላለውና ለሌለው እኩል መከልከል ፍትሕ ሆኖ ሲቀርብ፣ ተማሪዎቼ፣ ሥነ ምግባር የሚለውን ቃል ከመዝገበ ቃላቱ አውጥታችሁ መጠየቅ አለባችሁ።

ወደ መጣሁበት ነገር ልግባ። በየክፍሉ «ኃይል ሕግን አሸነፈ፤ ዓለም የጉልበተኛ ናት» ተብሎ ይማራል። ይህን አልቀበልም! መርከቡ የማን ነበር? ቦዩ በማን እጅ ነበር? ነዳጁ፣ ባንኩ፣ 50ው ድምፅ የማን ነበር? ሕጉን እንጠብቃለን ብለው የፈረሙት መንግሥታት ነበር። በዚያ ዓመት ኃይልና ሕግ በአንድ ወገን ቆመው ነበር፤ ኃይሉን የያዙት ግን ሊጠቀሙበት አልፈለጉም። «ኃይል አሸነፈ» ስንል ጥፋቱን በተፈጥሮ ላይ እንደፈድፋለን፤ ዝርዝሩን የጻፉትን እጆች ነጻ እናወጣለን። ነጻ አይወጡም! ጣሊያንን በጀርመን ላይ አጋር አድርገን እናቆያለን ብለው አሰሉ፤ እኛን ከፍለው እሷን ሊገዙ። ዓመቱ ሳይዞር ሮምና በርሊን ተቃቀፉ። የሂትለር አስተርጓሚ የነበረው ፓውል ሽሚት እንደጻፈው፣ ሙሶሊኒ ራሱ ነዳጅ ቢከለከል ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከሐበሻ ምድር መውጣት ግድ ይሆንብኝ ነበር ብሎ ለሂትለር ነግሮታል።

ብርቱ የሚችለውን ያደርጋል፤ ደካማ የግዱን ይቀበላል የሚለውን፣ አቴና ትንሿን የሜሎስ ደሴት ልታስገብር ስትል የተደረገውን የሜሎስን ክርክር የምትጠቅሱልኝ አላችሁ። በጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ በቱሲዲደስ መጽሐፍ ውስጥ ይህን የሚሉት የአቴና መልእክተኞች ናቸው፤ አቴናም በማግስቱ ዓመት ሲሲሊ ላይ ዘምታ ሠራዊቷን እዚያ አስፈጀች። ደግሞም ሜሎስ የ50 መንግሥታት ፊርማ በእጇ አልነበረም፤ እኛ ግን ነበረን።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን በአጭሩ ልለፍ። በ1966 እ.ኤ.አ. የጸጥታው ምክር ቤት በሮዴዥያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ላይ በጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አስገባ፤ ነዳጁ ግን በደቡብ አፍሪካና በሞዛምቢክ በኩል ፈሰሰ። በ1977 እ.ኤ.አ. በአፓርታይድ ላይ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ግዴታ ሆነ፤ ነዳጅ ግን በምክር ቤቱ ግዴታ ሆኖ አያውቅም። ዝርዝር በሞላ ቁጥር ፍትሕ ይሞላል ማለቴም አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. በኢራቅ ላይ የተጣለው ከሞላ ጎደል ሁሉን ያካተተ ነበር፤ በኋላ በተፈቀደው የነዳጅ ሽያጭ የተገዛው የመጀመሪያው እህል የደረሰው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። መካከሉን የከፈለው ሕዝቡ ነው። ስለዚህ የውሳኔ ሰነድ ሲደርሳችሁ መግቢያውን ዝለሉት፤ በዚያ ላይ ሁሉም ያዝናል። ምን ዕቃ እንደተተወ፣ ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር፣ ወደቡ ላይ ቆሞ የሚፈትሸው ማን እንደሆነ፣ ጉዳቱን ማን እንደሚሸከም እዩ።

ለመምህራኑ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰኔ 27 ቀን 1928 ኢትዮጵያ የ10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ዋስትና ጠይቃ ድምፅ ተሰጠ፤ 23 ተቃወሙ፤ 25 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ የደገፈች አንዲት አገር ብቻ ናት፤ እሷም ራሷ ጠያቂዋ። ማዕቀቡም ሐምሌ 8 ተነሣ። የሰኔ 23ቱን ንግግር ለአዲስ ተማሪ ከመስጠታችሁ በፊት የአራተኛውን ሐሳብ ዝርዝርና የዚህን ድምፅ መዝገብ ስጡት። ከ25ቱ አንዷን አገር ይምረጥና በዚያ ሳምንት መልእክተኛዋ ከመንግሥቱ ጋር የተለዋወጠውን ደብዳቤ ፈልጎ ያንብብ። የብዙዎቹ መዝገብ ለተመራማሪ ክፍት ነው።

አመሰግናለሁ።