ታንክ ውስጥ የምናፈሳት ጠርሙስ ነዳጅ ትቆጥባለች?

[ምስል፦ እጅ ላይ የተያዘች ትንሽ ጠርሙስ። ከጀርባ የማደያ ሰልፍ።]

ይቺን ጠርሙስ ሳታውቋት አትቀሩም። የመኪና ዕቃ መሸጫ ስትገቡ ባንኮኒው ላይ ተደርድራ ታገኟታላችሁ። መለያዋ ላይ እሳት የሚተፋ ሞተር አለ። ከሥሩ በትልቁ "እስከ 30 በመቶ ነዳጅ ይቆጥባል" ይላል። ሻጩ ልጅም "ብራዘር፣ አንዴ ሞክራትና ራስህ ትመሰክራለህ" ይላችኋል። እኔንም ብሎኛል። ገዝቻለሁም። የእኔን ጉድ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ይሄ 30 በመቶ ከየት ነው የሚመጣው?

[ምስል፦ የተቆረጠ ሲሊንደር ሥዕል። ፒስተኑ ይወጣል፣ ይወርዳል።]

የሻጮቹ መልስ ሁሌም አንድ ነው። "ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም፣ ይሄ ግን ሙጥጥ አድርጎ ያቃጥለዋል" ይላሉ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ችግሩ፣ ነዳጁ ድሮውንም ተቃጥሏል። ጤነኛ የሆነ ዘመናዊ የቤንዚን ሞተር ከገባለት ነዳጅ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያቃጥላል። ሳይቃጠል የሚያመልጠው ቢበዛ 2 በመቶ ነው። 2 ብር ካለበት ኪስ 30 ብር አይወጣም።

"ታዲያ ቤንዚኔ የት ነው የሚገባው?" ትሉ ይሆናል። ሙቀት ሆኖ ነው የሚሄደው። ከፊሉ በራዲያተሩ፣ ከፊሉ በማርሚታው በኩል ይወጣል። ከቤንዚኑ ጉልበት ሩብ ያህሉ ጎማው ጋ ከደረሰ ጥሩ ነው። ያሳዝናል፣ ግን የሞተሩ ተፈጥሮ ነው። ታንክ ውስጥ የተጨመረ ፈሳሽ ይሄን አይቀይረውም።

[ምስል፦ ሁለት ኢንጀክተር ጎን ለጎን። አንዱ ጭጋግ ይረጫል፣ ሌላው ያንጠባጥባል።]

እንግዲህ ጠርሙሷ ሁሉ ውሸት ናት ማለት አይደለም። አንዳንዷ ውስጥ እውነተኛ ሥራ የሚሠራ ነገር አለ። ሳሙና ነው።

ኢንጀክተር ቤንዚኑን የሚረጨው ከመርፌ ዓይን በጠበቡ ቀዳዳዎች ነው። ሞተሩን ስታጠፉ ጫፉ ላይ የቀረችው ጠብታ በሙቀቱ ትደርቃለች። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እያለች እንደ ድስት ቂጥ ጥላሸት ትጋገራለች። ያኔ ጭጋግ መሆን የነበረበት ቤንዚን መንጠባጠብ ይጀምራል። መኪናዋ ጠዋት ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ነዳጅም ትበላለች። ይሄን ቆሻሻ ከሚያጥቡት ውስጥ ስሙ የታወቀው ፖሊኤተርአሚን የሚባለው ነው። ጠርሙስ መግዛታችሁ ካልቀረ፣ ከእሳቱ ሥዕል ይልቅ ጀርባዋ ላይ ይሄን ስም ፈልጉ።

የሳሙናው ነገር ቀልድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ማንኛውም ቤንዚን ማጽጃ ሳይጨመርበት እንዳይሸጥ በሕግ ተደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ቢኤምደብሊው፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ "ይሄ መጠን አይበቃም" ብለው ቶፕ ቲር የሚባል ከፍ ያለ መስፈርት አወጡ። ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለቱን ዓይነት ቤንዚን አወዳደረ። ሞተሮቹ 4,000 ማይል፣ ማለትም 6,400 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተነዱ ሆነው ተፈተሹ። መስፈርቱን ያላሟላው ቤንዚን በአማካይ 19 እጥፍ ቆሻሻ ቫልቭ (የሲሊንደሩ የአየር መግቢያ በር) ላይ ትቶ ተገኘ።

ግን ልብ በሉ። ሳሙና የሚመልሰው በቆሻሻ የጠፋውን ብቻ ነው። ንጹሕ ሸሚዝ ደጋግማችሁ ብታጥቡ የሚያልቀው ሳሙናው ነው። ኢንጀክተሩ ያልቆሸሸ መኪና ላይ ጠርሙሷን ብትገለብጡ ምንም አይጨምርላችሁም። አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ በአዳዲሶቹ ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጩ ሞተሮች ቤንዚኑ የመግቢያ ቫልቩን ጀርባ አይነካውም። ስለዚህ እዚያ ያለውን ጥላሸት ታንክ ውስጥ ያለ ሳሙና አያገኘውም።

[ምስል፦ የተቀደደ የደብተር ገጽ፣ በእስክሪብቶ የተጻፉ ቁጥሮች።]

አሁን ወደ እኔ ጉድ።

ጠርሙሷን ታንክ ውስጥ ጨመርኳት፣ ሞላሁ፣ ሳምንቱን ነዳሁ። ድሮ በሊትር 11 ኪሎ ሜትር የምትሄደው መኪናዬ 12 ከምናምን ሄደች! ለሰው ሁሉ አወራሁ። ሁለተኛ ጠርሙስ ገዛሁ፣ ለጓደኛዬም አስገዛሁት። ከዚያ የማልደብቃቸው መካኒክ አሉኝና ለእሳቸው ነገርኳቸው። ከኮፈኑ ሥር ቀና እንኳ ሳይሉ "ልጄ፣ ያ ሳምንት ትምህርት ቤት ዝግ አልነበረም?" አሉኝ።

ነበር። መንገዱ ባዶ ነበር። በዚያ ላይ ቁጥሩን ለማየት ጓጉቼ መኪናዋን እንደ እንቁላል ይዣት ነበር። ነዳጅ መስጫውን በጣቴ ጫፍ ነበር የምነካው። ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ሁለተኛዋ ጠርሙስ ታንክ ውስጥ እያለች፣ ቁጥሩ 11 ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ማደያ ላይ "ሙላ" ስትሉ ፓምፑ ቀጥ የሚልበት ቦታ ሁሌ አንድ አይደለም። መኪናው ትንሽ ካዘነበለ፣ ቀጂው አንዴ ከጨመረባት፣ 1 ሊትር ወዲህ ወዲያ ይላል። በ20 ሊትር ላይ 1 ሊትር 5 በመቶ ነው። ጠርሙሷ ያመጣችው የመሰላችሁ ለውጥ ቀጂው እጅ ላይ ሊሆን ይችላል። የምር መለካት የሚፈልግ ሰው ያንኑ ማደያ፣ ያንኑ ፓምፕ፣ ያንኑ መንገድ ይዞ ቢያንስ አምስት ስድስት ሙሌት በጠርሙስ፣ ያንኑ ያህል ያለ ጠርሙስ መመዝገብ አለበት። እኔ ትዕግሥቱ አልነበረኝም።

[ምስል፦ "ኦክቴን" የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ።]

ኦክቴን ከፍ የሚያደርጉትን በአጭሩ ልለፋቸው። ኦክቴን ጉልበት አይደለም። ቤንዚኑ ካንዴላው እሳት ሳይሰጠው በራሱ እንዳይፈነዳ የመቋቋም አቅሙ ነው። እንዲህ ያለ ፍንዳታ ሲኖር ሞተሩ ያንኳኳል። ሞተራችሁ ካላንኳኳ ትርፉ የለም። አዲስ አበባ ላሉት ደግሞ አንድ የምሥራች አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ሲያንስ ግፊቱም ይቀንሳል፣ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የማንኳኳት ዕድሉም ያንሳል። አሜሪካ ውስጥ እንደ ዴንቨር ባሉ ደጋ ከተሞች ዝቅ ያለውን 85 ኦክቴን የሚሸጡት በዚሁ ስሌት ነው። ማንጋኒዝ ያለባቸው ማበልጸጊያዎች ደግሞ ካንዴላው ላይ ዝገት የመሰለ ቀይ ነገር ይተዋሉ።

[ምስል፦ ነጭ እንክብል በመዳፍ ላይ።]

የዘርፉ ጉደኛ ታሪክ ግን የቴክሳሱ ነው። ባዮፐርፎርማንስ የሚባል ኩባንያ ታንክ ውስጥ የሚጣል እንክብል ይሸጥ ነበር። አሻሻጡ "አንተ ሁለት ሰው አምጣ፣ እነሱም ሁለት ሁለት ያምጡ" ዓይነት ነበር። እኛም አገር የማናውቀው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ክስ መሠረተ። እንክብሉ ቤተ ሙከራ ሲገባ ምን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? ናፍታሊን። ያ እናቶቻችን ብል እንዳይበላው ብለው ሣጥን ውስጥ ልብስ መሃል የሚያስቀምጡት ነጭ ኳስ!

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም ባለፉት አሥርት ዓመታት ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችና ፈሳሾች ፈትሿል። ጥቂቶቹ ትንሽ ለውጥ አሳዩ። የሚበዙት ምንም አላመጡም። ሞተር የሚጎዱም ነበሩባቸው።

[ምስል፦ ዳሽቦርድ። የቼክ ኢንጅን መብራት ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል።]

የእኔ መካኒክ ጠርሙስ ከመግዛት በፊት የብልሽት መብራቱን የሸፈነውን ይሄን ፕላስተር ንቀሉ ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ከጭሱ ውስጥ ኦክስጅን የሚለካው ኦክስጅን ሴንሰር ከተበላሸ ሞተሩን ያታልለዋል። አየርና ቤንዚን በክብደት 14.7 ለ1 መሆን ሲገባቸው ቤንዚኑ ይበዛል። የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር እንደሚለው እንዲህ ያለ ከባድ ብልሽት ሲጠገን ለውጡ እስከ 40 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ጠርሙሷ መለያዋ ላይ ከጻፈችው ይበልጣል ማለት ነው።

በኢንጀክተር ፋንታ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያላት አሮጌ መኪና ካላችሁ ደግሞ ነገሩ ይቀልላል። ባሕር ጠለል ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ጅቡቲ ላይ ጥሩ ይሠራል። አዲስ አበባ ሲወጣ ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ቤንዚኑን እንደ ልማዱ ይለቃል። ከኋላ የሚወጣው ጥቁር ጭስ የእናንተ ብር ነው። ይሄን በጠመንጃ መፍቻ የሚያስተካክል ሰው በየሰፈሩ አለ። የተዘጋ የአየር ፊልትሮ መቀየርም እነዚህ አሮጌዎቹ ላይ ከ2 እስከ 6 በመቶ ይመልሳል። ኢንጀክተር ያላቸው ላይ ግን ፍጆታውን እምብዛም አይቀይረውም።

ሌላው ጥቃቅን ነው። ጎማ ከልኩ 10 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ከጎደለ 2 በመቶ ገደማ ይወስድባችኋል። ቆሞ የሚንተከተክ ሞተር እንደ መጠኑ በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ይጠጣል። ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፎ ሞተር አለማጥፋት ለእኔ ከሁሉም ያስቀኛል።

[ምስል፦ ካልኩሌተር።]

አሁንም ልቡ ወደ ጠርሙሷ ያለበት ሰው ካለ እንዲህ ያስላ። ታንኩ 40 ሊትር ይይዛል እንበል። ጠርሙሷ በቸርነት 3 በመቶ ቆጠበችለት። ያ 1.2 ሊትር ነው። ስለዚህ ዋጋዋ ከ1.2 ሊትር ቤንዚን በታች መሆን አለበት። ሱቅ ሂዱና ዋጋዋን ጠይቁ።

ጓደኛዬ ያስገዛሁትን ጠርሙስ ሳይከፍታት መለሰልኝ። ወንበሬ ሥር ናት። ጎሚስታው ጋ ጎማ ላስነፋ ስሄድ እያንኳኳች ትሰማኛለች።