ምች ነው ጉንፋን?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ማይኩ አልተበላሸም፣ የተበላሸሁት እኔ ነኝ። አፍንጫዬ ድፍን ብሏል፣ "ማር" ልል ስል "ባር" ነው የሚወጣኝ። ለዛሬ ሌላ ርዕስ ይዤ ነበር፣ ትቼዋለሁ። ስለያዘኝ ነገር ላውራችሁ። መሃል ላይ ካሳልኩ ታገሡኝ፣ ሳሉን ሁሉ ቆርጬ ካወጣሁት ፕሮግራሙ አምስት ደቂቃ አይሞላም።

እሁድ አመሻሽ ላይ አሞራ ገደል ነበርኩ፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ። ሐዋሳን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሲመሽ ደግሞ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነሳል። እኔ በስስ ቲሸርት ባጃጅ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነፋሱን እየጠጣሁ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ ጠዋት ጉሮሮዬ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ አደረ።

ነፋሱን ግን አልከሰውም። ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች ናቸው፣ ከ200 በላይ ዓይነት አላቸው። ቅዳሜ ሰርግ ላይ ስንቱን ጨብጬ፣ ስንቱን ስሜ ነበር! አንዱ ሳይሰጠኝ አልቀረም። ይሄንን ግን ለአከራዬ ማን ይንገራቸው?

አከራዬን እማዬ ነው የምላቸው። በሬ ላይ ቆመው አዩኝ። ከንፈሬ ጥግ ላይ ትንሽ ቁስል ብቅ ብላለች።

"ምች ነው የመታህ" አሉ።

"ጉንፋን ነው እማዬ።"

"ምን ሠርተህ ነው ፀሐይ ላይ የወጣኸው?"

አሰብኩ። እሁድ ረፋድ ላይ ሽንኩርት አቁላልቼ፣ ወጥ ወጥ እየሸተትኩ፣ ልብስ ላሰጣ ግቢ ወጥቼ ነበር። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን እንደ ኑዛዜ ቆጠሩት።

ምች ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ደስ የሚለኝ ነገር ስላለው። ልጅ ሆነን "ምግብ እየሸተትክ ፀሐይ አትውጣ፣ ምች ይመታሃል" ያልተባለ አለ? እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ በዚህ መሳቅ ጀመርኩ። ትንሽ የተማረ ሰው መጀመሪያ የሚስቀው በእናቱ ነው። በኋላ ግን ስለዚያች የከንፈር ቁስል አነበብኩ። ሄርፐስ ሲምፕለክስ የሚባል ቫይረስ ነው የሚያመጣት። ብዙ ሰው በልጅነቱ ይይዘዋል፣ ከዚያ ነርቭ ውስጥ አድፍጦ ዕድሜ ልክ ይኖራል። የሚቀሰቅሱት ነገሮች ደግሞ ትኩሳት፣ ድካም፣ እና ኃይለኛ ፀሐይ ናቸው። ፀሐይ! የወጡን ሽታ ነገር አሁንም አልዋጥ ብሎኛል። ፀሐዩን ግን እናቶቻችን ያለ ማይክሮስኮፕ አግኝተውታል። ሳቄን መልሻለሁ።

እማዬ ወደ ጓሮ ሄደው ዳማከሴ ቆርጠው መጡ። ዳማከሴ የበሶብላ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ስታሹት ሽታው ይነግራችኋል። በመዳፋቸው አሽተው አረንጓዴውን ጭማቂ ትኩስ ቡና ውስጥ ጠብ ጠብ አደረጉልኝ። በቀረው ግንባሬንና አፍንጫዬን ቀቡኝ። "ሳብ አድርገው፣ አትቅበጥ!" ጠጣሁት። ከዚያ ብርድ ልብስ፣ በላዩ ላይ የእሳቸው ጋቢ። በላብ ተነክሬ ተኛሁ። ስነቃ ቀሎኛል። ዳማከሴው ነው? ቡናው ነው? እንቅልፉ ነው? እኔ ለሦስቱም እኩል እሰጣለሁ፣ እማዬ ሙሉውን ለዳማከሴው።

አንድ ነገር ግን እምቢ አልኳቸው። በባህር ዛፍ ቅጠል መታጠን። ልጅ ሆኜ አንሶላ ተከናንቤ ስታጠን ድስቱ ተገልብጦ ጭኔን አቃጥሎኛል፣ ጠባሳው አሁንም አለ። እንፋሎት ለጊዜው ይከፍታል እንጂ ጉንፋኑን አያሳጥረውም። ለልጆች ደግሞ አደጋው ይብሳል። በነገራችን ላይ "የጥንት መድኃኒት" የምንለው ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ባህር ተሻግሬ መጣሁ እያለ እኛ ከአዳም ጀምሮ የነበረ አስመሰልነው።

ማር በዝንጅብል ሻይ ግን ይመቸኛል፣ ለሳል ማር በእርግጥ ያስታግሳል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ብቻ እንዳትሰጡ። ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። ጤና አዳምና ፌጦም ለነፍሰ ጡር አይሁን።

አሞክሳሲሊንንም ተዉት። አምና ሳልኩ ብዬ ያለ ማዘዣ ገዝቼ ሦስት ቀን ወሰድኩ፣ ያተረፍኩት የሆድ ቁርጠት ነው። የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፣ ቫይረስን አይነካውም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ወባ አለ። ወባ ደግሞ ሲጀምር ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቁርጥማት ነው። ጉንፋን ወይም ምች ነው ብሎ ለመሸወድ በጣም ይመቻል። አንድ ጓደኛዬ በዚህ ተሸውዷል። ዳማከሴ ጠጣ፣ ታጠነ፣ ነጭ ሽንኩርት በአረቄ ወሰደ፣ ላብ ሲያልበው "ወጣልኝ" አለ። በማግስቱ መልሶ አንቀጠቀጠው። በአራተኛው ቀን ደግፈን ነው ጤና ጣቢያ ያደረስነው። ጣቱን ወጉት፣ ወባ። ዳማከሴው ምንም አላጠፋም፣ ያለ ቦታው ነው የገባው። እኛም ጓደኞቹ "ይለቅሃል" እያልን አጠገቡ ተቀምጠን ካርታ ስንጫወት ነበር፣ እሱ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ እኔም ማክሰኞ ትኩሳቱ ሲመለስብኝ ጋቢውን አጥፌ ለእማዬ መለስኩና ደም ልመረመር ሄድኩ። ትንሽ አኮረፉ። ውጤቱ ነፃ ሆነ። ከዚያ በቀጥታ አሞራ ገደል። ትኩስ የዓሣ ሾርባ፣ ዳጣ ጣል ተደርጎበት። ዓይኔ አለቀሰ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ ከሁለት ቀን በኋላ አፌን ዘግቼ ተነፈስኩ።

ቤት ስደርስ እማዬ በረንዳ ላይ ቡና እየቆሉ ነበር።

"ምን አሉህ?"

"ወባ የለብህም አሉኝ።"

ማንከሽከሻውን አወዛወዙ።

"ታዲያ ምች ነው አላልኩህም?"