የማይሰማ ጣት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ የምናገረውም ስለ ቀኝ እጄ ነው። ባለፈው ኅዳር፣ ደብረ ማርቆስ ባለው የእንጨት ሥራ ቤታችን፣ ክብ መጋዝ አንጓዬ ላይ አርፎ ጣቶችን የሚያጥፉትን ጅማቶች፣ ከእነርሱም ጋር ሚዲያን የተባለውን ነርቭ በጠሰብኝ። በቀዶ ሕክምና ተሰፋልኝ፤ የተሰፋ ጅማት ከባድ ነገር ለማንሳት ሦስት ወር ያህል መታገሥ እንዳለበትም ተነገረኝ። ስለ አእምሮዬ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ይህ ነርቭ ለአውራ ጣት፣ ለጠቋሚ ጣት፣ ለመሃል ጣትና ለቀለበት ጣት እኩሌታ ስሜት የሚሰጥ ነው፤ እንጀራ የምንቆርሰው በእነዚሁ ጣቶች መሆኑን ያስተዋልሁት ገበታ ስቀርብ ነበር። እናቴ ታጎርሰኝ ጀመር። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ይባላል፤ የምሳውን ሁሉ በጉርሻ የሚበላ የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳ ምን እንደሚሰማው ግን ተረቱ አይናገርም። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ «ጠግቤአለሁ» እያልሁ ተርቤ መነሣት ለመድሁ፤ እርሷም ማወቋ አልቀረም፣ ዝም አለች እንጂ።

አንድ ቀን ሰው ሳያየኝ በራሴ ልቁረስ ብዬ ከምድጃ የወረደ ሽሮ ውስጥ ጣቴን ነከርሁ። ማቃጠሉን ያወቅሁት ማታ ውኃ ሲቋጥር አይቼ ነው። ያን ሌሊት አለቀስሁ፤ ያስለቀሰኝ ሕመም አልነበረም፣ አለማመሙ ነበር።

እንቅልፌን የሚነሣኝ ደግሞ ደሙ ሳይሆን ከደሙ በፊት ያለችው ቅጽበት ናት፦ ሳንቃውን ስገፋ፣ ሰው ሲጠራኝ፣ ዞር ስል። በየሌሊቱ ዞር ሳልል ልጨርሰው እሞክራለሁ። ቀን ቀን የሰፈራችን ወፍጮ ሞተሩ ሲነሣ ልቤ ይመታል፤ እጄም ሳላዝዘው ደረቴ ላይ ይሸሸጋል። ቁስሉ ሲታጠብ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ስለነበር የራሴን እጅ ሳላየው አንድ ወር አለፈ። ሰላምታ ላይ እጁ የረጠበ ሰው አንጓውን እንደሚዘረጋ ታውቃላችሁ፤ እኔ የምዘረጋው አንጓ አልነበረኝም፣ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን መሄድን እንኳ ቀነስሁ።

(የማርቆስ ብርድም አለ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ የተጎዳ ነርቭ ብርድን እንዲህ እንደሚጠላ አላውቅም ነበር።)

ነርቭ ሲያገግም በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ከጠባሳዬ እስከ መሃል ጣቴ ጫፍ በሜትር ለካሁት፤ 18 ሴንቲ ሜትር ነው። በነርቩ መንገድ ላይ በጣት መታ መታ ስናደርግ ንዝረት የሚሰማበት ቦታ ነርቩ የደረሰበትን ያሳያል፤ በታኅሣሥ መጨረሻ መዳፌ መጀመሪያ ላይ ነበር። ትናንት ማታ፣ መጋቢት ገብቶ፣ እናቴን በጣቷ እንድትነካካልኝ ጠየቅኋት። የመሃል ጣቴ ሥር ስትደርስ ነዘረኝ። «እዚህ?» አለችኝ፤ ደግማ ነካችው።