የባሕር ቢራቢሮ ዛጎል

ውድ አድማጮቼ፣ ዛሬ የማነሣላችሁ ፍጥረት አብዛኛውን ጊዜ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ የባሕር ቀንድ አውጣ ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ሊማሲና ሄሊሲና ሲሆን፣ በተለምዶ የባሕር ቢራቢሮ ትባላለች፤ ዕድሜዋንም የባሕር ወለል ሳትረግጥ በቀዝቃዛው የዋልታ ውቅያኖስ ውስጥ ታሳልፋለች። ሌሎች ቀንድ አውጣዎች የሚሳቡበት እግር ለእርሷ ሁለት ክንፍ ሆኖላታል፤ ማርገብገቧን ካቆመች የዛጎሏ ክብደት ቁልቁል ይወስዳታል። ለመመገብ ከአካሏ የሚሰፋ ዝልግልግ መረብ ትዘረጋና ደቃቅ ፍጥረታትን ታጠምዳለች፤ የሚያስደነግጣት ነገር ከመጣ ግን መረቡን ጥላ ትሸሻለች።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ዛጎሏ ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ፣ እጅግ ስስ፣ ከአብዛኞቹ ቀንድ አውጣዎች በተለየም ወደ ግራ የሚጠመዘዝ ነው። የተሠራበት ማዕድን አራጎናይት ይባላል፤ የኬሚካል ቅንብሩ ካልሳይት ከሚባለው ሌላ ማዕድን ጋር አንድ ቢሆንም በባሕር ውኃ ውስጥ ከእርሱ በቀላሉ ይሟሟል። የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ውቅያኖስ ይወስደዋል፤ ጋዙም ከውኃው ጋር ሲዋሃድ ለዛጎል ግንባታ የሚያስፈልገው ካርቦኔት ይቀንሳል። ቀዝቃዛ ውኃ ደግሞ ጋዝ አብዝቶ ስለሚይዝ ጉዳቱ በዋልታዎች ይቀድማል።

(በአንጻሩ ለእኛ ቅርብ በሆነው ቀይ ባሕር ጥልቁ ውኃ እንኳ ከ21 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሚሞቅ፣ የዘመዶቿ ዛጎሎች ወለሉ ላይ ሳይሟሟ ተከማችተው ይገኛሉ።)

ስለ አየር ንብረት ስንነጋገር አብዝተን የምናነሣው የልጅ ልጆቻችንን ዘመን ነው። ይሁንና በ2008 እ.ኤ.አ. በአንታርክቲካ አቅራቢያ ከሚገኘው ስኮሺያ ባሕር በሕይወት እያሉ የተሰበሰቡ የባሕር ቢራቢሮዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ፣ የአንዳንዶቹ ዛጎል ገጽ ክፉኛ ተበልቶ ተገኝቷል። ውጤቱ በ2012 ታትሞ ሳነበው ጥልቅ ሐዘን ተሰማኝ፤ ለነገ ይቆያል ብለን የምንፈራው ነገር በእርሷ ላይ ቀድሞ ደርሶባታልና።

ሆኖም ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የተጎዳውን የዛጎሏን ክፍል ከውስጥ በኩል አዲስ ማዕድን እየደረበች ትጠግነዋለች። ጥገናው ግን ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበቱም የሚገኘው ከዚያው መረቧ ከሚይዝላት ምግብ ስለሆነ፣ የወደፊት ዕጣዋን ለመረዳት የውኃውን ኬሚስትሪ ብቻ ሳይሆን የምታገኘውንም ምግብ መከታተል ይገባል ብዬ አምናለሁ።