ኦኬ ወይስ እሺ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራውም ስለ አንዲት ቃል ነው፤ ስለ ኦኬ።

ነገሩን ያመጣችው እናቴ ናት። ባለፈው ደውላ «እሁድ ትመጣለህ አይደል?» አለችኝ። «ኦኬ እማዬ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ኦኬ ስትለኝ የምትቀልድ ነው የሚመስለኝ፤ እሺ በለኝ» አለች። ሳቅኩኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ይቺ ቃል ከየት መጣች?

ከአሜሪካ፣ ከቦስተን ነው የመጣችው። በ1830ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ እዚያ ጋዜጠኞች አንድ ጨዋታ ይዘው ነበር። የታወቀ አባባል ይወስዱና ሆን ብለው ፊደሉን አጣመው ይጽፉታል። ከዚያ የተጣመመውን ያሳጥሩታል። ያልገባው ይደናገር፣ የገባው ይሳቅ ነው ነገሩ። የአራዳ ቋንቋ በሉት።

እንግዲህ «ኦል ኮሬክት» ማለት «ሁሉም ትክክል» ነው። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንዱ ቃል በኤ፣ ሌላው በሲ ይጀምራል። እነሱ በኦ እና በኬ ጻፉት። አያችሁልኝ? «ሁሉም ትክክል» የምትል ቃል፣ አንድም ትክክለኛ ፊደል የላትም! ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ላይ የወጣችው ማርች 23 ቀን 1839 ነው።

እንደሷ ያሉ ብዙ አሕጽሮቶች ነበሩ፤ ፋሽኑ ሲያልፍ አብረው አለፉ። እሷን ያተረፋት ምርጫ ነው። በ1840 ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን በድጋሚ ተወዳደረ። የትውልድ ቦታው ኒው ዮርክ ውስጥ ኪንደርሁክ የምትባል መንደር ናት። ደጋፊዎቹ «ኦልድ ኪንደርሁክ» አሉት፤ ሽማግሌው የኪንደርሁክ ሰው እንደማለት። ኦ እና ኬ ገጠመላቸው፣ ክለብም አቋቋሙበት። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ «ከሱ በፊት የነበረው አንድሪው ጃክሰን ፊደል አይችልም፤ ኦኬን የጀመራት እሱ ነው» እያሉ አላገጡ። ቫን ቢዩረን ተሸነፈ። ቃሏን ግን እስከዚያ አገር ምድሩ ለምዷታል።

በኋላ ሰው መነሻዋን ረሳው። ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን ቾክታው ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የመጣች መስላው ለየት አድርጎ ይጽፋት ነበር። በ1960ዎቹ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው አለን ዎከር ሪድ የድሮ ጋዜጣ አገላብጦ ነው የቦስተኑን ቀልድ ያወጣው። ምን ዓይነት ትዕግሥት ነው በናታችሁ!

እኔ አሁን ሁለቱን ለይቼ ነው የምሰማው። ኦኬ ስል «ሰምቻለሁ» ማለቴ ነው፤ እሺ ስል ግን ቃል ገባሁ። እሺ ይበልጣል ከሺህ የተባለው ለዚህ ይሆናል። እርግጥ ቢሮ ሄዳችሁ «እሺ፣ ነገ» የተባላችሁ አትሰሙኝም።

እሁድ ሄድኩ። ቡና ላይ ታሪኩን ከነፊደሉ ዘረዘርኩላት።

«ቀልድ ነው አላልኩህም?» ብላ ሁለተኛውን ቀዳችልኝ።